ለሥዕል በፒያኖ መልስ፦ የቅዳሜውን ዝግጅት ያያችሁ እስቲ እናውራ

የጃንተከል ልጅ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ቅዳሜ ማታ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ የነበረውን ዝግጅት ያያችሁ ካላችሁ ላዋራችሁ ፈልጌ ነው። ሁለት ቀን ሆነው፣ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ላላያችሁ፦ የከተማችን ልጅ የሆነ ሠዓሊ 11 ሥዕሎች ሰቅሏል። ሁሉም ከጎንደር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተነሱ ናቸው፤ ግልባጭ ግን አይደሉም። አንድ ወጣት ፒያኖ ተጫዋች ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥዕል የራሱን ዜማ ሠርቶ መጥቷል። ተመልካቹ አይቀመጥም። ሙዚቃው ሲቀየር እሱም ወደሚቀጥለው ሥዕል ይሄዳል።

እኔ ሠዓሊም ሙዚቀኛም አይደለሁም። ሒሳብ ነው የማስተምረው። ግን ልጅ ሆኜ እናቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዛኝ ስትሄድ አንገቴ እስኪያመኝ ጣሪያውን አንጋጥጬ አይ ነበር። የመላእክቱ ፊት መጀመሪያ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው። ቆይታችሁ ካያችሁት ግን አንዱ ወደ ቀኝ ያያል፣ አንዱ ወደ ግራ፣ የአንዱ ቅንድብ ከፍ ብሏል። ያ ልጅ ለዚህ ሥዕል ምን ተጫወተ መሰላችሁ? አንዲት አጭር ዜማ። ስድስት ሰባት ድምፅ ብትሆን ነው። ደጋገማት። በደገማት ቁጥር አንዷን ድምፅ ብቻ ይቀይራል። መጀመሪያ አልገባኝም። አምስተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ። ገባኝ። እንባዬ መጣ።

ሌላም አለ። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይኑ ይሳላል፤ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዐይን። ልጁ ለጻድቃኑ በሁለት እጁ ተጫወተ። ይሁዳ ጋ ሲደርስ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አኖረና በቀኙ ብቻ ቀጠለ። ዜማው ቀጭን ሆነ። የጎደለ ነገር እንዳለ ማንም ሳይነግረኝ ሰማሁት።

ሙዚቃ ለሥዕል መልስ መስጠት ይችላል ብዬ ነው የወጣሁት። የሄዳችሁ ምን አላችሁ? ያልወደዳችሁም ንገሩኝ።

ቀሃ ዳር

እኔም ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ነው የገባኝ። ከኋላ ቆሜ ነበር። አዳራሹ ጠባብ ነው። የሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ሥዕሉን ሳላይ ዜማውን ብቻ የሰማሁበት ጊዜ ይበዛል።

ሁለተኛ፣ ለምን ፒያኖ? ያውም ኪቦርድ ነው እንጂ ፒያኖ አይደለም። ቡርቧክስን የሚያህል የአዝማሪ መንደር ጎረቤታችን ሆኖ፣ የእኛን ሥዕል በባዕድ መሣሪያ ማጀብ ለምን አስፈለገ? ማሲንቆ አለ። በገና አለ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ሥዕል። ባዶ ግድግዳ ነው እኮ። ጭቃ ምርጊት፣ እዚህም እዚያም የተላጠ ነገር። እዚያ ፊት አምስት ደቂቃ ሙሉ አቆሙን። ሠዓሊው እዚህ ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። ለመንቀፍ አይደለም፣ ሳይገባኝ ስለወጣሁ ነው።

ደግሞ መብራት መጥፋቱን ለምን ዘለልሽው?

የጃንተከል ልጅ

አልዘለልኩትም፣ ለብቻው ላነሳው ነበር።

ስድስተኛው ሥዕል ላይ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱም አብሮ ዝም አለ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆምን። ከዚያ አንዲት ልጅ የስልኳን መብራት አውጥታ ሥዕሉ ላይ አበራች። ሌሎችም አወጡ። ቅዱስ መርቆሬዎስ ከነጥቁር ፈረሱ ከጨለማው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ የፈረሱ ኮርቻ፣ ከዚያ ጦሩ፣ ከዚያ ዐይኖቹ። ማንም አላወራም። እኔ በዚያ ማታ ሥዕል በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ሙዚቃው አዘናግቶኝ ነበር ማለት ነው? ብዬ አሰብኩ። አይመስለኝም። ከዚያ በፊት አምስት ሥዕሎች ላይ ሙዚቃው ቀስ ብዬ እንዳይ ስላስለመደኝ ነው በዝምታውም ማየት የቻልኩት። ዘው ብዬ ገብቼ ቢሆን ኖሮ መብራት ሲጠፋ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው።

ብራና

ታሪክ ነው ያጠናሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ለሥዕል ኤግዚቢሽን በፒያኖ መልስ የመስጠት ነገር ከተነሳ፣ ከሁሉም የሚታወቀው የሩሲያዊው ሞደስት ሙሶርግስኪ ሥራ ነው። ቪክቶር ሃርትማን የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ ሠዓሊም አርክቴክትም። ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1873 በ39 ዓመቱ በድንገት ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ቭላዲሚር ስታሶቭ የሚባል ሐያሲ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የሟቹን ሥራዎች ሰብስቦ መታሰቢያ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ከ400 በላይ ሥራዎች ቀርበው ነበር። ሙሶርግስኪ አይቶ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ለፒያኖ ብቻ የሚሆን ሥራ ጻፈ። አሥር ሥዕሎች አሉት። በመካከል እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ዜማ አለ፤ እሱ የሥዕል ዜማ አይደለም፣ ተመልካቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲራመድ የሚሰማ ነው። ምቱ አምስትና ስድስት እየሆነ ይቀያየራል፤ ልክ ሰው እያሰበ ሲሄድ እርምጃው እኩል እንደማይሆነው።

ቅዳሜ ያየሁትን የወደድኩት በዚህ ነው። ልጁ የእርምጃ ዜማ አልሠራም። በሥዕሎቹ መካከል ዝም ነው ያለው። የእኛ ጫማ የወለሉን ጣውላ ሲረግጥ ይሰማ ነበር። እርምጃውን ለእኛ ተወልን።

አሁን ወደ ቀሃ ዳር ሦስተኛ ጥያቄ። ያኔ ከቀረቡት የሃርትማን ሥራዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፣ ጠፍተዋል። ሙሶርግስኪ በሙዚቃ ከመለሰላቸው ሥዕሎች ተለይተው የሚታወቁት ጥቂት ናቸው። የመጨረሻው ቁራጭ ስለ አንድ ታላቅ የኪዬቭ በር ነው፤ ያ በር በወረቀት ላይ ቀረ እንጂ አልተሠራም። ሥዕሉ ሄዷል፣ መልሱ ግን ቀርቷል። እና የቅዳሜውን ባዶ ግድግዳ ሳይ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ። ሠዓሊው እሱን አስቦ ነው?

ከሴን ወንዝ ዳር

አስተያየት ብዙም አልሰጥም፤ የአባ እንጦንስ ስም ሲነሳ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። ፓሪስ ስኖር አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኬ ብራንሊ የሚባለው ሙዚየም ውስጥ የአባ እንጦንስ ሥዕሎች አሉ። መጀመሪያ የሄድኩት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው፣ ሳላውቅ። የአፍሪካን ክፍል እያየን ስንሄድ ከፊቴ የአገሬ ዐይኖች ገጠሙኝ። ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ከነጩ መሐል ጎልተው። እግሬ ቆመ። ባልደረባዬ «ምን ሆንክ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው።

ታሪኩን ለማታውቁ፦ እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ወደ ጅቡቲ ሲሻገር ጎንደር ተቀመጠ። የዚያን ቤተ ክርስቲያን የ17ኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች ከግድግዳው አንስቶ ወሰደ። በምትኩ አብሯቸው የነበረ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ አስመስሎ የሳላቸው ተለጠፉ። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙ ጊዜ ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ተልጦ ሊነሳ ይችላል። እንደዚያ ነው የሄደው።

ያ ክፍል ጸጥ ያለ ነው። መብራቱም ደብዘዝ ያለ ነው፣ ለቀለሙ ሲባል። ሁልጊዜ ስሄድ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ድምፅ ነው። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ የሚያስነጥስ ሽማግሌ እንኳ የለም። ስለዚህ የጃንተከል ልጅ፣ ሙዚቃ ለሥዕል ይመልሳል ወይ ስትይ፣ እኔ ከዚህ ማዶ ሆኜ የምልሽ እነዚያ ሥዕሎች መልስ ሲጠብቁ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። የመጨረሻውን ዜማ የቀዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ።

የበአታ ደቀ መዝሙር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ልቤን ነካኸው።

እኔ ጎንደር በአታ አቋቋም የተማርኩ ነኝ። ቅዳሜ የሄድኩት ታናሽ ወንድሜ ጎትቶኝ ነው። ስጋት ነበረኝ፤ ሳልደብቅ እናገራለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሰገድለት፣ የሚጸለይበት ነው። አዳራሽ ሲገባ ክብሩ እንዳይቀልል ብዬ ነበር። ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ በመሣሪያ አዛብተው ይጫወቱት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተጫወቱትም። ግእዝም ዕዝልም አራራይም ውስጥ እጁን አላስገባም። ስለዚህ አክብሬዋለሁ።

የመላእክቱን ዜማ በተመለከተ እህቴ የጃንተከል ልጅ ያለችው እውነት ነው፤ ለእኔ ግን አዲስ አልሆነብኝም። ማኅሌት ቆማችሁ የምታውቁ አስታውሱ። አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ እንቅስቃሴ። ከዚያ በዝማሜ፣ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል። ከዚያ መረግዱ ይመጣል፣ ከበሮው ይገባል። መጨረሻ ላይ በጽፋት፣ እጅ እየተመታ። ቃሉ ያው ነው። በተደገመ ቁጥር ግን ሌላ ፊቱን ያሳያል። ይህ ልጅ አውቆም ይሁን ሳያውቅ ያንን ነው ያደረገው።

እና ሥዕልና ዜማ በእኛ ዘንድ ተለያይተው አያውቁም። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ መቅደሱ ዙሪያ ነው፣ ማኅሌቱ ከውጪው ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዜማው ወደ ሥዕሉ ይሄዳል። ከሩሲያ መጣ የምትሉትን አልነቅፍም፤ ነገሩ ግን ሩቅ አገር መሄድ የሚያስፈልገው አልነበረም።

ጥቁር ቁልፍ

መሪጌታ፣ እጅ ነሥቻለሁ። የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ።

አውቄ ነው። አያቴ ደብተራ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ላይ እየተኛሁ ነው ያደግኩት። ዜማውን ላለመንካት ወስኜ ነበር፤ አካሄዱን ግን ተውሻለሁ። ስላልተቆጡኝ ደስ ብሎኛል።

ቀሃ ዳር፣ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ኪቦርድ ነው። 88 ቁልፍ ያለው፣ ሲጫኑት እንደ ፒያኖ የሚከብድ፣ ግን ኪቦርድ። እውነተኛ የቁም ፒያኖ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ብናመጣው እንኳ መንገዱ ቅኝቱን ያበላሸዋል። መቃኘት የሚችል ሰው ደግሞ አብሮ መምጣት አለበት። አቅማችን አልፈቀደም።

ለምን ፒያኖ ላልከው ግን መልስ አለኝ። ማሲንቆ አንድ ድምፅ ነው፤ እንደ ሰው ያወራል። ፒያኖ ግን ብዙ ድምፅ በአንዴ ይይዛል፣ እንደ ሥዕል። ለሁለቱ ዘመን ሥዕሎች ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ቀደም ያለው የጎንደር ሥዕል፣ ቀዳማዊ የሚባለው፣ ቀለሙ ንጹሕ ነው፤ ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ከኋላው ባዶ። እሱን ያለ ፔዳል ተጫወትኩት። እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ተነስቶ ለብቻው ይቆማል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ካልዓይ ጎንደር ግን ጥላ አለው፤ ከኋላው ቀለም ከቀለም ውስጥ ይገባል። እዚያ ፔዳሉን ረግጬ ያዝኩት። ድምፆቹ እንዲቀላቀሉ። ይሄን ማሲንቆ ላይ እንዴት እንደማደርገው አላውቅም።

ቅኝት ላይ ግን ፒያኖ አሸንፎኛል፣ አልክድም። ትዝታ አያስቸግርም። ቤታችሁ ኪቦርድ ካለ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ነካኩ፣ ትዝታ ነው የምትሰሙት፤ የጎረቤት ልጆችን በዚያ ነው የማስጀምራቸው። አንቺ ሆዬ ግን በቁልፎቹ መካከል ይገባና ያመልጣችኋል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ትንሽ ሸርተት ያደርጋል፣ ያገኘዋል። እኔ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎችን አብሬ ነክቼ አንዱን ቶሎ እለቀዋለሁ። ይጠጋል፣ አይደርስም።

ብሩሽ

ሠዓሊው ነኝ። መጻፍ አይሆንልኝም፣ ግን ስለተጠየቅኩ።

አዎ፣ አባ እንጦንስ ነው። ሥዕሎቹን ከፎቶ ገልብጬ መስቀል እችል ነበር። ጀምሬም ነበር። ሦስት ሳምንት ሠርቼ ተውኩት። አንድ ጊዜ ፈረንሳዊ ገልብጦ በቦታው ተክቶታል፤ እኔ ደግሜ ብገለብጥ ምን ጨመርኩ? ስለዚህ ግድግዳውን ሳልኩ። ሥዕሉ በተነሳ ቀን የነበረውን ግድግዳ፣ በሐሳቤ። ሙጫው የቀረበትን፣ ጭቃው የተላጠበትን። ቀሃ ዳር፣ ጠጋ ብለህ ብታይ ኖሮ አንድ ጥግ ላይ ጣት የምታህል ቀይ ጨርቅ ቀርታለች። እዚያ ለመድረስ ነው አምስት ደቂቃ ያቆምናችሁ። ከኋላ ቆመህ አለማየትህ የእኔ ጥፋት ነው። ሥዕሉን ዝቅ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ።

ልጁ ለዚያ ሥዕል ምን እንደሚጫወት አስቀድሞ አልነገረኝም። ልምምድ ላይም አልተጫወተውም። ቅዳሜ ነው የሰማሁት።

ከሴን ወንዝ ዳር፣ ወንድማለም፣ ቅጂው አለ። በውስጥ እልክልሃለሁ። የምትችል ከሆነ እዚያ ክፍል ገብተህ በጆሮ ማዳመጫህ ስማው።

አዘዞዋ እናት

ልጆቼ፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እናገራለሁ።

ፒያኖ ባዕድ ነው የሚለውን ሰማሁ። ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አታውቋቸውም? አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ናቸው። እማሆይ ገና በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ ኋላ ግሸን ማርያም መንነው፣ በባዶ እግራቸው አሥር ዓመት ኖረው፣ ከዚያ በኋላ እዚህ ጎንደር መጥተው የያሬድን ዜማ አጥንተዋል። የቆሎ ተማሪዎች ደጅ አድረው፣ ቁራሽ ለምነው ሲማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፒያኖ ተጫወቱ። የመጀመሪያው ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ለዚያ ለእርዳታ ነው። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ነው፣ 99 ዓመታቸው ነበር።

እኔ ለዚህ ከተማ ፒያኖ እንግዳ ነው ሲባል አልቀበልም። የእኛን የአብነት ተማሪዎች ብርድ ያየ ፒያኖ ነው።

ቀሃ ዳር

እማማ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። የዛሬ ሌሊቱን እሳቸውን ሳዳምጥ ነው ያደርኩት። የሚገርመው ጣታቸው ዜማውን አይቸኩልበትም፤ ልክ እዚያ ቅዳሜ እንደሰማሁት።

ብሩሽ፣ ቀይዋን ጨርቅ ሳላይ በመውጣቴ ተቆጨሁ። እውነትም አላየኋትም።

የማሲንቆውን ነገር ግን አልተውም። ጥቁር ቁልፍ፣ አንቺ ሆዬ ላይ «ይጠጋል፣ አይደርስም» ያልከውን ወድጄዋለሁ። ታዲያ እዚያ ላይ አንድ አዝማሪ ቢደርስልህስ? ፒያኖው የሚችለውን ይጫወት፣ ባቃተው ቦታ ማሲንቆ ይግባ። ቡርቧክስ የማውቀው ሰው አለ። ላገናኛችሁ።

ጥቁር ቁልፍ

አገናኘን። ነገ ብትደውልልኝ ነገ።

ስለ መጨረሻው ሥዕል አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ። ልምምድ ላይ ያልተጫወትኩት ፈርቼ ነው። ባዶ ግድግዳ ፊት ምን ይባላል? መጀመሪያ ሐዘን ሠርቼ ነበር፣ ረጅም ለቅሶ። ውሸት ሆነብኝ። እኔ ሥዕሎቹን አይቻቸው አላውቅም፤ ያላየሁትን እንዴት አለቅሳለሁ? ስለዚህ ቅዳሜ ከአሥሩ ሥዕሎች ዜማ አንድ አንድ ድምፅ እየወሰድኩ አስቀመጥኩ። ከመላእክቱ አንድ፣ ከመርቆሬዎስ አንድ፣ ከእመቤታችን አንድ። በመካከላቸው ሰፊ ዝምታ። የቀረውን እናንተ ያያችሁትን እያስታወሳችሁ ትሞሉታላችሁ ብዬ ነው። ሞላችሁ አልሞላችሁ አላውቅም።

ብራና

እኔ ሞልቻለሁ። ለሌሎቹ አላውቅም። መርቆሬዎስ ጋ ስትደርስ ከጎኔ የቆመ ሰውዬ ፈረሱ ወደተሰቀለበት ዞሮ ሲያይ አይቻለሁ።

ከሴን ወንዝ ዳር

ቅጂው ደርሶኛል፣ ብሩሽ። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። ሙዚየሙ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው የገባሁት። ሁለት ጊዜ ሰማሁት፣ ሥዕሎቹ ፊት ቆሜ። ሁለተኛው ላይ ጥበቃው መጣና ጊዜው አልቋል አለኝ። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ እስኪያልቅ ቆመ። ምንም አላለም። መልሶ ሰጠኝና በሩን ከፈተልኝ።

የጃንተከል ልጅ

ይሄን አንብቤ ለተማሪዎቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ወሰድኩ፣ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ።

ላላያችሁ፦ የሚመጣው ቅዳሜ ይደገማል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ መብራት ቢጠፋም በመስኮቱ ብርሃን እንዲታይ። በአንዴ 30 ሰው ብቻ ነው የሚገባው፣ ከኋላ የሚቆም እንዳይኖር። ብሩሽና ጥቁር ቁልፍ ተነጋግረው የመግቢያው ገንዘብ ለአብነት ተማሪዎች ብርድ ልብስ እንዲሆን ወስነዋል። የበአታ ደቀ መዝሙር ያደርሱታል። ማሲንቆው ከደረሰ ይኖራል፣ ካልደረሰ ለሌላ ጊዜ።

እኔ እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ከእንግዲህ አንገቷን ማንጋጠጥ አትችልም። የመላእክቱን ሥዕል ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድታየው ዝቅ አድርጎ እንዲሰቅልልኝ ብሩሽን ለመንኩት። እሺ ብሎኛል።